ጉዞው የሚጀምረው ከቆቦ መናኸሪያ ነው

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ጊዜ ያለው ቡናውን እያፈላ ያንብበው። የቸኮለ ደግሞ ወደ መጨረሻው ወርዶ "ምን እናድርግ?" የሚለውን ብቻ ይየው። ቤቱ ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ያለችበት ሰው ግን ሳያነበው ባያልፍ ደስ ይለኛል።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ከሪያድ ተደወለልኝ። ድምፅዋን ወዲያው አወቅሁት። ቆቦ ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምራት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ጥያቄ የማታቆም ልጅ ነበረች።

"ቲቸር፣ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። እናቴ ጋ መጥቼ ልውለድ ብዬ ነው። እዚህ ያሉ ሴቶች ግን 'እርጉዝ ሴት አውሮፕላን ላይ ደሟ ይረጋል' እያሉ አስፈራሩኝ። እውነት ነው እንዴ?"

"ልጄ፣ እኔን ስለ ዓድዋ ጠይቂኝ እንጂ!" ብዬ ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አላስችል አለኝ። ሐኪም ለሆነ ሌላ ተማሪዬ ደወልኩና ነገሩን ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

"ጋሼ፣ በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"ሦስት ሰዓት ገደማ።"

"ከአዲስ አበባ ቆቦስ?"

ዝም አልኩ። ከአዲስ አበባ ቆቦ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውቶቡስ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መንገዱ ከተበላሸ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ልጅቷም፣ ጓደኞቿም፣ እኔም የፈራነው ሦስቱን ሰዓት ነበር። አሥራ ሁለቱን የቆጠረ አልነበረም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የመጣብኝ የታላቅ እህቴ ነገር ነበር። እስከ ዛሬ እዚህ ገጽ ላይ ስለሷ ጽፌ አላውቅም።

1968 ዓ.ም. ነው። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ተገላገለች። እልል ተባለ፣ ገንፎ ተገነፋ፣ መጋረጃ ተጋረደ። እንደ ደንቡ አራስ ከአልጋ አትወርድም፣ ብርድ አይነካትም፣ ሥራ አትነካም። በአሥረኛው ቀን ገደማ ግራ እግሯ ከጭኗ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። ቆዳው ነጥቶ ተወጠረ። "ምች ነው" ተባለ። ዳማከሴ ተጨምቆ ታሸች። "አይዞሽ፣ አትንቀሳቀሺ፣ ተኝተሽ እረፊ" አሏት። እሷም ታዛዥ ነበረች፤ ተኛች። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ማለዳ ለመነሳት ቀና አለችና "ትንፋሼ..." አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ያን ጊዜ የታቀፈችው ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ናት።

በዚያ ዘመን እህቴን የመረመራት የለም። ይህን ታሪክ ለሐኪሙ ተማሪዬ ስነግረው ግን ለትንሽ ጊዜ ዝም አለና "ጋሼ፣ የግራ እግር፣ በአራስ ቤት፣ ከዚያ ድንገት የትንፋሽ ማጠር። እኛ የተማርነው ልክ እንደዚህ ተብሎ ነው" አለኝ።

እናቶቻችንን ልወቅስ አይደለም የጻፍኩት። ተማርኩ የሚለውም ዓለም ቢሆን ይህን ነገር ለመረዳት ብዙ መቶ ዓመት ፈጅቶበታል። ሙያዬ ታሪክ ነውና በዚያው በኩል ላምጣው።

የአውሮፓ ሐኪሞች የአራስን እግር እብጠት ከጥንት ያውቁት ነበር። ምክንያቱን ግን ከጡት መውጣት ሲገባው የቀረ ወተት ወደ እግር ወርዶ ነው ይሉ ነበር። "የወተት እግር" የሚል ስም ሁሉ አውጥተውለት ነበር። እነሱ ወተት፣ እኛ ምች። እ.ኤ.አ. በ1784 ቻርልስ ኋይት የተባለ የማንቸስተር ሐኪም ስለዚሁ እብጠት መጽሐፍ ጻፈ፤ የወተቱን ነገርም አልተቀበለውም። ትክክለኛውን ምክንያት ግን እሱም አላገኘውም። በእነሱም ዘንድ አራስ ለሳምንታት ከአልጋ እንዳትወርድ ማድረግ የክብር ወግ ነበር። ሐኪሞች ወላዶችን ቶሎ ማስነሳት የለመዱት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አካባቢ ነው።

መልሱ የመጣው ከጀርመን ነበር። ሩዶልፍ ፊርሾ የሚባል ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ድንገት የሞቱ ሰዎችን አስከሬን እየመረመረ፣ ሳንባ ውስጥ የሚያገኘው የረጋ ደም እዚያው የተፈጠረ እንዳልሆነ አሳየ። ደሙ የሚረጋው እግር ውስጥ ባለው ጥልቅ ደም ሥር ነው። ከዚያ ይነቀልና በደም ተጭኖ፣ በልብ በኩል አልፎ፣ የሳንባን ደም ሥር ይዘጋል። እግርና ትንፋሽ የሚገናኙት በዚህ መንገድ ነው።

ደም ያለ ቦታው የሚረጋባቸው ምክንያቶች ዛሬ በሦስት ተጠቃለው በፊርሾ ስም ይጠራሉ። እኔ ለተማሪ ባስረዳ ሦስት ጉልቻ እለው ነበር። አንደኛው ጉልቻ የደም ፍሰት መዘግየት ነው። ሁለተኛው የደም ሥር ግድግዳ መጎዳት ነው። ሦስተኛው ደሙ ራሱ ለመርጋት የተዘጋጀ መሆኑ ነው። ሦስቱ ሲገጥሙ ድስቱ ይጣዳል።

እርግዝናን በዚህ ሚዛን እዩት። አንዲት ሴት ስታረግዝ ደሟ ቶሎ ወደ መርጋት ያደላል። ይህ የተፈጥሮ ስህተት አይደለም፤ ጥበቃ ነው። በወሊድ ጊዜ የእንግዴ ልጅ ሲላቀቅ ደም ዝም ብሎ ፈስሶ እንዳያልቅ አስቀድሞ የተሰናዳ ዝግጅት ነው። በአገራችን የወሊድ ደም መፍሰስ ስንት እናት እንደቀጠፈ የማያውቅ የለም። ችግሩ፣ በወሊድ ሰዓት ሕይወት የሚያተርፈው ዝግጅት ከወሊድ በፊትም በኋላም አብሯት መቆየቱ ነው። ይህ አንዱ ጉልቻ ነው። ሁለተኛው፣ ማህፀን እያደገ ሲሄድ ከእግር ወደ ልብ ደም የሚመልሱትን ትልልቅ ደም ሥሮች ይጫናል። በግራ በኩል ያለው ደም ሥር ደግሞ ከበላዩ ሌላ ደም ሥር ስለሚያልፍበት የበለጠ ይጠባል። ለዚህ ነው በነፍሰ ጡር ላይ የእግር ደም መርጋት ሲከሰት በአብዛኛው ግራውን እግር የሚይዘው። ሦስተኛው፣ በወሊድ ወይም በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚደርሰው ጉዳት ነው።

በቁጥር ስናየው፣ ነፍሰ ጡር ሴት ካላረገዘች እኩያዋ ይልቅ በዚህ ችግር የመያዝ ዕድሏ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይሆናል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ያም ሆኖ ከአንድ ሺህ እርግዝና በአንዱ ወይም በሁለቱ ብቻ የሚደርስ ነገር ነው። ስለዚህ ማንም ደንግጦ ጉዞውን እንዳይሰርዝ። ልትጓዝ ያሰበች ሴት እንድትዘጋጅ ነው የምለው።

አሁን ወደ አውሮፕላኑ እንምጣ።

ለራያ ሽማግሌዎች አውሮፕላን መጀመሪያ የጦርነት ነገር ነበር። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ውጊያ በኋላ፣ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ወደ ኋላ ያፈገፍግ የነበረውን ሠራዊት የጣሊያን አውሮፕላኖች በቦምብና በመርዝ ጋዝ ፈጁት። ልጅ ሳለሁ አውሮፕላን ሲያልፍ አሮጊቶች ቀና ብለው ያማትቡ ነበር።

ከማይጨው አራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 መጸው፣ ተራው የሎንዶን ሆነ። የጀርመን አውሮፕላኖች ሌሊት ሌሊት ከተማዋን ሲደበድቡ ሕዝቡ ምድር ቤት እየገባ ያድር ጀመር። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚያድረው የሸራ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። የወንበሩ የፊት እንጨት ከጉልበት በስተኋላ ጭኑን ይጫናል። ታዲያ ቦምብ ያልነካቸው ሰዎች ጠዋት ሲነሱ እየወደቁ መሞት ጀመሩ። ኪት ሲምፕሰን የተባለ አስከሬን መርማሪ ሐኪም ጉዳዩን ተከታትሎ በሕክምና መጽሔት አሳወቀ። ገዳያቸው ከእግር ተነስቶ ሳንባ ላይ የተሰካ የረጋ ደም ነበር። መድኃኒቱም ቀላል ነበር፤ ወንበሩን አንስቶ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት አልጋ መሥራት።

ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ቆም ብዬ አሰብኩ። አውሮፕላን በእግር ደም መርጋት ሰው የገደለው መጀመሪያ ተሳፋሪውን አልነበረም። ከሱ ሸሽቶ መሬት ሥር የተቀመጠውን ነው። ገዳዩ መቀመጥ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ጆን ሆማንስ የሚባል የቦስተን ቀዶ ሐኪም ለረጅም ሰዓት ከመቀመጥ የተነሳ እግራቸው ላይ ደም የረጋባቸውን ጥቂት ሰዎች ታሪክ አሳተመ። ከነዚህ ውስጥ ከአውሮፕላን የወረደ አለ፣ ከመኪና የወረደ አለ፣ ቲያትር ሲያይ ያመሸም አለ! እ.ኤ.አ. በ1977 ግን ሁለት ሐኪሞች ለነገሩ "የኢኮኖሚ ክላስ ሕመም" የሚል ስም አወጡለት። ስሙ አፍ ላይ ስለሚጣፍጥ ተስፋፋ፤ መኪናውና ቲያትር ቤቱ ተረሱ። እ.ኤ.አ. በ2000 አንዲት የ28 ዓመት ብሪታኒያዊት ከአውስትራሊያ በርራ ሎንዶን እንዳረፈች ወድቃ ስትሞት የዓለም ጋዜጦች በሙሉ ጻፉ፤ ፍርሃቱም ከዚያ ወዲህ ከአውሮፕላን ጋር ተጣበቀ።

የዓለም ጤና ድርጅት ነገሩን አስጠንቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አወጣ። አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ ጉዞ በደም መርጋት የመያዝን ዕድል በሁለት እጥፍ ያህል ይጨምራል። ይህም በአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን በአውቶቡስም፣ በመኪናም፣ በባቡርም ያው ነው፤ ዋናው ምክንያት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ነውና። ጤነኛ ሰው ከአራት ሰዓት በላይ ሲበር ችግሩ የሚደርሰው ከ6,000 ሰው በአንዱ ገደማ ነው። ጉዞዎች በተከታታይ ሲደረቡ አደጋው ይጨምራል። ደግሞ ከወረዱ በኋላ ወዲያው አያልፍም፤ ለሳምንታት ይቆያል።

"አየሩስ?" የሚል አይጠፋም። አውሮፕላን ከፍ ብሎ ሲበር በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እኩል እንዲሆን ይደረጋል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንግዲህ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በቅጥነቱ ከፒያሳው አየር አይብስም ማለት ነው። አንዲት ጤነኛ ነፍሰ ጡር አዲስ አበባ መኖር ከቻለች ያን አየር ትችለዋለች። መፍራት ያለባት መቀመጡን ነው።

አሁን ሒሳቡን በእኛ አገር እንሥራው። ከጅዳ አዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ከሪያድ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከዱባይ አራት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ጉዞው ቦሌ ላይ ያልቃል። ለቆቦ ልጅ ግን ቦሌ ላይ ገና ይጀመራል። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ወልድያ፣ ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ከዚያ ቆቦ። ከአየር ማረፊያ ጥበቃው ጋር ሲደመር ሙሉ ቀንና ሌሊት መቀመጥ ነው። ወደዚያ ስትሄድም እንዲሁ ነው፤ አውሮፕላኑ ገና ሳይነሳ እግሯ አሥራ ሁለት ሰዓት ተቀምጧል።

አያቶቻችን ይህን መንገድ በእግር ነበር የሚሄዱት። ባታችን ውስጥ ያለው ጡንቻ በተራመድን ቁጥር እየተጨመቀ ደሙን ሽቅብ ወደ ልብ ይገፋዋል፤ ሐኪሞች ሁለተኛ ልብ ይሉታል። የጥንቱን ዘመን ላወድስ አይደለም። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ እየተጫነች ከዞብል ጋራ ስትወርድ መንገድ ላይ የቀረችበትን ዘመን የሚናፍቅ ጤነኛ የለም። መኪናውም፣ አውሮፕላኑም፣ ጤና ጣቢያውም በረከት ናቸው። ሁለተኛውን ልብ ግን ቤት ትተን አንሳፈር ነው የምለው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። የእኛ ሴቶች መንገድ ላይ ውሃ አይጠጡም። ለምን? ሽንት እንዳይመጣባቸው። ሹፌሩን "አቁምልኝ" ማለት ነውር ይመስላቸዋል፤ ቢቆምም ሜዳው ላይ መከለያ የለም። ስለዚህ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት የተነሳች ሴት እስከ ደሴ ከንፈሯን አድርቃ፣ እግሯን አጣጥፋ፣ ሻንጣዋን ከእግሯ ሥር ወሽቃ ትቀመጣለች። ውሃ መጠጣት ብቻውን ደም መርጋትን ያስቀራል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለም። ነገር ግን ውሃ የጠጣች ሴት ትነሳለች፣ ትወርዳለች፣ ትራመዳለች። ውሃ የፈራች ሴት ደግሞ ከወንበሯ ጋር ትጣበቃለች።

ከዚህ የሚብሰው የሚደበቅ እርግዝና ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ ታስታውሳላችሁ። ከኛም ወረዳ ብዙ ልጆች ነበሩበት። ከተመላሾቹ ውስጥ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ነበሩ። በተጨናነቀ ማቆያ ወለል ላይ ተቀምጠው ሰንብተው፣ በአውሮፕላን ተጭነው፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደየአገራቸው ተላኩ። የጉልቻውን ነገር አሁን ሳውቅ ያ ሰሞን ትዝ ይለኛል። ከመካከላቸው እርግዝናዋን ከሰው ዓይን የምትሸሽግ ሴት ብትኖር "እግሬን አመመኝ፣ ልነሳ" ለማለት እንኳን ምክንያት የላትም። ሐኪም አትጠይቅም፣ ደብዳቤ አታወጣም፣ ቆማ አትንቀሳቀስም። እኛ በሐሜታችን ወንበር ላይ አስረናታል ማለት ነው። ልጅ ይዛ የመጣችን ሴት "የማን ነው?" ከማለታችን በፊት "እግርሽን አሳረፍሽው ወይ?" እንበላት።

ምን እናድርግ? እነዚህን ከሐኪሙ ተማሪዬ ጋር ሆነን ነው ያዘጋጀናቸው።

1. ቲኬት ከመቁረጥ በፊት አዋላጅ ነርስ ወይም ሐኪም ጋ ሂዱ። ከዚህ በፊት ደም ረግቶባት የሚያውቅ፣ በቤተሰቧ ይህ ችግር ያለ፣ መንታ ያረገዘች፣ ከ35 ዓመት በላይ የሆነች፣ ክብደቷ የበዛ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት፣ ወይም በማስመለስ ብዛት ፈሳሽ ያለቀባት ሴት ይህንን ሳትደብቅ ትናገር። ብዙ አየር መንገዶች ከ28 ሳምንት በኋላ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ ከ36 ሳምንት በኋላ ደግሞ አብዛኞቹ አያሳፍሩም። ለመንታ ቀኑ ከዚያ ያጥራል። የራሳችሁን አየር መንገድ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

2. ጉዞውን ቆራርጡት። ከአውሮፕላን ወርዳ በዚያው ሌሊት አውቶቡስ ላይ አትውጣ። አዲስ አበባ ትደር፤ ከተቻለ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ትድገም። አቅሙ ያለው ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን መጥቶ ቀሪውን በመኪና ይጨርስ።

3. መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ጠይቁላት። መስኮት ያምራል፤ ግን ሁለት ሰው አስነስቶ መውጣት ያሳፍራል። ከእግሯ ሥር ዕቃ አይቀመጥ። የወንበር ቀበቶው ከሆዷ በታች፣ ከጭኗ በላይ ይታሰር።

4. ተቀምጣም ትንቀሳቀስ። በየግማሽ ሰዓቱ ተረከዟን መሬት አስነክታ ጣቶቿን ወደ ላይ፣ ከዚያ ጣቶቿን አስነክታ ተረከዟን ወደ ላይ፤ ይህን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ትደጋግመው። ቁርጭምጭሚቷን ታዙር። አውሮፕላን ላይ በየሰዓቱ ተነስታ ትራመድ። አውቶቡስ ላይ ደግሞ ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ትውረድ። እግር አነባብሮ መቀመጥ ይቅር።

5. ውሃ ትጠጣ። ሽንት ቤት ያለባቸውን ከተሞች አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ረዳቱንም ከመናኸሪያው ጀምሮ አነጋግሩት።

6. ከአራት ሰዓት ለሚበልጥ ጉዞ ከጉልበት በታች የሚደረግ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ ብሎ ወደ ላይ የሚላላ የሕክምና ካልሲ አለ። በልክ ነው የሚገዛው። በዘፈቀደ የተጠቀለለ ፋሻ ወይም ጉልበት ላይ የሚያንቅ ላስቲክ ግን ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳል።

7. አደጋዋ ከፍ ያለ ለሆነች ሴት ሐኪም ሄፓሪን የሚባል መርፌ ሊያዝላት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1916 አሜሪካ ውስጥ አንድ የሕክምና ተማሪ ከእንስሳ ጉበት ላይ ሲመራመር ያገኘው ነገር ነው፤ ስሙም ከግሪክኛው "ጉበት" የመጣ ነው። ወደ ፅንሱ አያልፍም። ዛሬ በአብዛኛው የሚዘጋጀው ከአሳማ አንጀት ስለሆነ በሃይማኖት ምክንያት ጥያቄ ያለባት፣ ሙስሊምም ትሁን ክርስቲያን፣ ዝም ብላ ከመተው ሐኪሟንና የሃይማኖት አባቷን አስቀድማ ታማክር። ዋርፋሪን የሚባለው ክኒን ግን ሌላ ነው፤ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። እሱን እየወሰደች ያረገዘች ሴት በራሷ ሳታቆም ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ትሂድ። "አስፕሪን ይበቃል" ብሎ ከፋርማሲ ገዝቶ መሄድም መፍትሔ አይደለም።

8. ምልክቶቹን ዕወቁ። አንድ እግር ብቻ፣ በተለይ ግራው፣ ሲያብጥ፣ ባት ላይ ሲያምም፣ ሲሞቅ ወይም ቀለሙ ሲለወጥ። ድንገት ትንፋሽ ሲያጥር፣ አየር ሲሳብ ደረት ሲወጋ፣ ደም ሲያስል፣ ራስን ሲያስት። እነዚህ ከታዩ ቀኑም ሌሊቱም ሳይመረጥ ወደ ሆስፒታል። ያበጠ እግር አይታሽም! ወጌሻ ጋም አይወሰድም፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ሁለቱም እግሮች አብጠው ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለ ደግሞ የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል እሱም ለነገ አይባልም።

9. አራሷን አታስተኟት። ትረፍ፣ ትብላ፣ ትታረስ። ግን ሐኪም ካልከለከላት በቀር በቤቷ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትበል። ስድስቱ ሳምንት እስኪያልፍ ጥንቃቄው አያልቅም። በቀዶ ሕክምና የወለደች ደግሞ ይበልጥ ትጠንቀቅ።

ተማሪዬስ? መጣች። በ31ኛው ሳምንቷ ደብዳቤዋን ይዛ፣ ካልሲዋን አጥልቃ፣ ከሪያድ ተነሳች። አዲስ አበባ አክስቷ ቤት ሁለት ሌሊት አደረች። ከዚያ እስከ ደሴ፣ በማግስቱ እስከ ቆቦ። ከመናኸሪያው ጀምሮ ረዳቱን "ወንድሜ፣ እርጉዝ ነኝ፣ በየሁለት ሰዓቱ አውርደኝ" አለችው። ደብረ ሲና ላይ አንዳንድ ተሳፋሪ "ኧረ እንሂድ፣ መሸብን" እያለ አጉረመረመ። አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ ግን ከወንበራቸው ተነስተው "ልጄ፣ ውረጂ። እኛም ጉልበታችን ይፍታታ" ብለው ተከተሏት። ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር የሚወርደው ሰው እየበዛ ሄደ።

ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። በዘጠነኛው ቀን ልጠይቃት ሄድኩ። መጋረጃው ተጋርዷል፣ የገንፎው ሽታ ደጅ ድረስ ይጣራል፤ አልጋው ላይ ግን ማንም የለም። እሷ ልጇን ታቅፋ ጓሮ ማሽላው ዳር ዳር ትመላለሳለች። እናቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደኔ ዞሩ።

"አራስ ትንቀሳቀስ ያሉት እርስዎ ነዎት አሉ፣ መምህር?"

"አዎ፣ እማማ። እኔ ነኝ።"

አየት አደረጉኝ። እሳቸው እህቴን ያውቋታል፤ ያን ዓመት ከለቅሶው ቤት ነበሩ። ምንም አላሉም። ወደ ልጃቸው ዞረው "በይ እንግዲያ፣ ጥላ ጥላውን ሂጂ፣ ፀሐይ እንዳይመታሽ" አሏት።

ሐኪምና አዋላጅ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ የተሳሳትኩት ካለ ከታች አርሙኝ። ከዓረብ አገርም ይሁን ከአዲስ አበባ ለመውለድ ወደ እናቷ የምትመጣ ሴት የምታውቁ ደግሞ ይህን ላኩላት። ሁለተኛውን ልቧን ይዛ ትምጣ።